«የውሃ እባብ መርዝ የለውም» ይሉናል፤ እውነት ነው?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ከቤታችን ጀርባ ባለው ኩሬ ልጆች ይዋኛሉ። ባለቤቴ ከዚያው ኩሬ ጠቆር ያሉ ቀለበቶች ያሉት ቡናማ እባብ በእንጨት ሊያወጣ ሲል አውራ ጣቱን ነከሰው። ደሙ ቶሎ አልቆም አለን፤ እብጠት ግን አልነበረም። ዛሬ አምስተኛ ቀኑ ነው፣ ደህና ነው። ጎረቤቶች «የውሃ እባብ ነው፣ መርዝ የለውም» ይላሉ። ከመርዛማው በምን ይለያል? ስለ ልጆቹ እሰጋለሁ።

መልስ፦ እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል፤ ባለቤትዎ ግን እባቡን ራሱን በእንጨት ቀረቡት። ለማንኛውም አምስት ቀን ያለ እብጠትና ያለ ሌላ ምልክት ካለፈ ከመርዙ ስጋት ወጥተዋል።

የጎረቤቶችዎ አባባል ግን ግማሽ እውነት ነው። «የውሃ እባብ» የመኖሪያ ስም እንጂ የዘር ስም አይደለም። በውሃ ዳር ከሚታዩት ብዙዎቹ እንቁራሪትና ዓሣ የሚበሉ፣ ሰውን የማይጎዱ ናቸው። ነገር ግን በታንጋኒካ ሐይቅ ዓሣ እያደነ የሚኖር ኮብራ አለ፤ በሰሜን አሜሪካ ረግረጎች ውስጥ የሚዋኝ መርዛማ እፉኝት አለ፤ የባሕር እባቦችም አሉ።

ሰው ሁሉ የሚያውቃቸው መለያዎችም ያታልላሉ። «ጭንቅላቱ ሦስት ማዕዘን ከሆነ መርዛማ ነው» ይባላል፤ መርዝ የሌለው የውሃ እባብ ሲፈራ ጭንቅላቱን አጠፍጥፎ እፉኝት ይመስላል። «የዓይኑ ብሌን ክብ ከሆነ አትፍሩ» የሚለው ደግሞ የባሰ ነው፤ የኮብራና የማምባ ብሌን ክብ ነውና። ደግሞስ ብሌኑን ለማየት ምን ያህል መጠጋት ሊኖርብዎ ነው? ከሩቅ ፎቶ ማንሳት ከቻሉ የአካባቢውን እባቦች ለሚያውቅ ሰው ያሳዩ። ገድሎ ማምጣት አያስፈልግም፤ የተቆረጠ የእባብ ጭንቅላት እንኳ ለተወሰነ ጊዜ መናከስ ይችላል።

እኔን ያሳሰበኝ የደሙ ነገር ነው። መርዝ ከሌላቸው የውሃ እባቦች መካከል ምራቃቸው የደም መርጋትን በመጠኑ የሚያዘገይ አሉ፤ የባለቤትዎም ይህ ሳይሆን አይቀርም። ሆኖም አልቆም ያለ ደም የእፉኝት መርዝ ምልክትም ነውና በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት መሄድ ነበረባቸው። ምርመራው ቀላል ነው፦ 2 ሚሊ ሊትር ያህል ደም በንጹሕና ደረቅ የብርጭቆ ቱቦ ይቀመጣል፤ ማንም ሳይነካው 20 ደቂቃ ይቆያል። ከዚያ ቱቦውን አንድ ጊዜ ዘንበል እናደርገዋለን። ደሙ ረግቶ ከቀረ መልካም፤ እንደ ውሃ ከፈሰሰ መርዙ ሥራውን ጀምሯል። ማርከሻ የምንሰጠውም እንዲህ ያለ ምልክት ስናይ ነው እንጂ እባብ ነከሰኝ ስለተባልን ብቻ አይደለም፤ ማርከሻው ራሱ ብርቱ አለርጂ ሊያስነሳ ይችላል።

እብጠት አለመኖሩም ወዲያው አያጽናናም። ነርቭ የሚያደክም መርዝ ያላቸው አንዳንድ እባቦች የነከሱትን ቦታ እምብዛም አያሳብጡም፤ ከሰዓታት በኋላ የዓይን ቆብ ይወድቃል፣ ምራቅ መዋጥ ያቅታል፣ ትንፋሽ ያጥራል። ስለዚህ ምንነቱ ያልታወቀ እባብ የነከሰውን ሰው ቢያንስ ለ24 ሰዓት በሐኪም ዓይን ሥር ማቆየት ይመረጣል። ሕፃን ከሆነ ደግሞ ይበልጥ መፍጠን ነው፤ ያው የመርዝ መጠን በትንሽ ሰውነት ላይ ይበረታል።

እስከ ሐኪም ቤት ድረስ ቀለበትና ሰዓት ያውልቁ፣ የተነከሰውን እጅ ወይም እግር እንደ ተሰበረ አጥንት በእንጨት ደግፈው ሳይንቀሳቀስ ያቆዩት፣ ሰውየውን አያስሩጡት። መብጣት፣ በአፍ መምጠጥ፣ በገመድ አጥብቆ ማሰር፣ በረዶ ማድረግ፦ እነዚህ ሁሉ ጉዳት ይጨምራሉ።

ልጆቹ እባብ ሲያዩ ከውሃው ወጥተው እንዲርቁ እንጂ በድንጋይ እንዳያሳድዱት ያስተምሯቸው፤ ብዙ ሰው የሚነከሰው ሊይዘው ወይም ሊገድለው ሲል ነው። የኩሬውን ዳር ሣርም ያሳጭዱ፣ እግር የሚረግጠው ቦታ እንዲታይ።

ባለቤትዎ የቴታነስ ክትባታቸው ጊዜው ካለፈ ዛሬውኑ ይከተቡ። አውራ ጣታቸው ከቀላ፣ ከጋለ ወይም መግል ከቋጠረ ግን ቁስሉ አመርቅዟል ማለት ነውና ለሐኪም ያሳዩት።