ከደብተሩ በፊት ቧንቧው

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ አምስት የደሴ ልጆች ኮምቦልቻ ላይ አነስተኛ ቆዳ ፋብሪካ ሊከፍቱ ነው። «ለማህበራዊ ኃላፊነት ከትርፋችን ስንት በመቶ እንመድብ?» ይላሉ። ኮምቦልቻ ቆዳ ፋብሪካ ውስጥ ብዙ ዓመት ስለሠራሁ ያየሁትን ልንገራችሁ።

በመቶውን ለጊዜው ተዉት። ከትርፍ የሚቆረጠው ስጦታ ነው። ኃላፊነት የሚጀምረው ገና ፕላኑ ሲሳል ነው።

አንድ መስከረም የምሠራበት ፋብሪካ ለሰፈሩ ልጆች ደብተር አደለ። ፎቶ ተነሳን፣ ደስ አለን። በሳምንቱ ከታች በኩል የሚያርሱ አንድ ሽማግሌ በር ላይ መጡ። በሃይላንድ ውሃ ይዘዋል። ሰማያዊ አረንጓዴ ነው፤ ከሥሩ ዝቃጭ ተኝቷል። «ደብተሩን ተቀብለናል፣ አላህ ይስጣችሁ። ከብቶቹን ግን ምን እናጠጣቸው?» አሉኝ። የምመልሰው አጣሁ። ቀለሙን አውቀዋለሁ፤ ከእኛ ድራም፣ ማለትም ቆዳው ከሚለፋበት ትልቅ ተሽከርካሪ በርሜል፣ የወጣ ክሮም የሚባል የቆዳ ማልፊያ ኬሚካል ነው። ያ ሃይላንድ እስከ ዛሬ ዓይኔ ላይ አለ።

በተለመደው አሠራር ድራም ውስጥ ከሚጨመረው ክሮም ቆዳው የሚይዘው ከ60 እስከ 70 በመቶ ያህሉን ነው። የቀረው ከውሃው ጋር ይወጣል። በውድ የገዛችሁትን ኬሚካል ወደ ቦርከና ወንዝ ትሸኙታላችሁ ማለት ነው። ስለዚህ የክሮሙን ፍሳሽ በራሱ ቧንቧ ወደ ራሱ ጉድጓድ አስገቡት። አጣርታችሁ ማግኒዚየም ኦክሳይድ ስትጨምሩበት ክሮሙ ወደ ታች ይዘቅጣል። ሲያድር ከላይ ያለውን ውሃ ወደ ማጣሪያ ትለቃላችሁ። ዝቃጩን በሰልፈሪክ አሲድ አሟሙታችሁ ከአዲስ ክሮም ጋር መልሳችሁ ትሠሩበታላችሁ።

መለየቱ ለነፍስም ነው፤ ይህንን በደንብ ስሙኝ። ከፀጉር ማርገፊያው የሚወጣው ሰልፋይድ ያለበት ውሃ አሲድ ካለበት ከክሮሙ ፍሳሽ ጋር ከተገናኘ ሃይድሮጂን ሰልፋይድ ጋዝ ይወጣል። ይገድላል። መጀመሪያ የገማ እንቁላል ይሸታል፤ ሲበዛ ግን አፍንጫ ጭራሽ ማሽተቱን ያቆማል። አየሩ ሳይለካ፣ ከላይ የሚጠብቀው ሰው ሳይኖር ማንም ጉድጓድ እንዳይገባ። ሠራተኛውን ጉድጓድ ውስጥ የሚያስቀር ድርጅት ትምህርት ቤት ቢያሠራም ለእኔ ኃላፊነት አያውቅም።

ጥሬ ቆዳው በጨው ታሽቶ ነው የሚመጣው። ሳይነከር በፊት በደንብ አራግፉት። ጨው አንዴ ከሟሟ ማውጣቱ ጭንቅ ነው።

ሕጉም ግልጽ ነው። በብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 የበከለ ያጸዳል፣ ወይም የማጽጃውን ይከፍላል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ደግሞ የወሊድ ፈቃድ 120 ቀን ነው፤ እሱን እንደ ቸርነት አትቁጠሩት። ወደ ውጭ ለመላክ ካሰባችሁ ብዙ ገዢዎች ቆዳ ፋብሪካዎችን በአካባቢ ጥበቃ የሚመዝነው ዓለም አቀፍ ድርጅት፣ የሌዘር ወርኪንግ ግሩፕ፣ ደረጃ አላችሁ ወይ ይሏችኋል። እዚያም ውሃችሁና ኬሚካላችሁ ይታያል።

ብር አነሰን ካላችሁ አብሽሩ፤ ድራሙን በአንድ ጀምሩ። «ማጣሪያው ኋላ ይደርሳል» የሚለው ግን አይዋጥልኝም። ወለሉ ኮንክሪት ከተሞላ በኋላ ቧንቧ መለየት ማለት ማፍረስ ነው። እኛ አፍርሰነዋል፤ ሁለት ወር ሥራ ቆሟል።

ደብተሩንም ስጡ፣ ደስ ይላል። መጀመሪያ ግን ሁለቱን መስመሮች ለይታችሁ የሳላችሁበትን ፕላን እዚሁ ለጥፉት። ቁጭ ብዬ አየዋለሁ።