ገንዘብ የማይሰጥ ኮሌጅ ሴፍቲ አይሆንሽም

ጥያቄ፦ ባህር ዳር የምኖር የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ከክፍሌ አንደኛ ነው የምወጣው። አባቴ መምህር ነው፣ እናቴ ትንሽ ሱቅ አላት። አሜሪካ ሊበራል አርትስ ኮሌጅ (ሳይንሱንም ሌላውንም ትምህርት አቀላቅሎ የሚያስተምር ትንሽ ኮሌጅ) ገብቼ ባዮሎጂ መማር፣ ከዚያ ሐኪም መሆን እፈልጋለሁ። አምኸርስት፣ ዊሊያምስ፣ ፖሞና፣ ስዋርዝሞርና ቦውዶይን ላመለክት ነው። ሴፍቲ እንዲሆኑኝ ሦስት ትልልቅ የስቴት ዩኒቨርሲቲዎች ይዣለሁ። ሙሉ ስኮላርሺፕ ያስፈልገኛል። አሁን የማትሪክ ጥናቱን ትቼ ከማመልከቻው ጋር የሚላከው ጽሑፍ፣ ኤሴይ ላይ ነኝ። ዝርዝሬን እንዴት ያዩታል?

መልስ፦ የኔ እህት፣ ያሰጉኝ ከባዶቹ ኮሌጆች አይደሉም። ከክፍሏ አንደኛ የምትወጣ ልጅ እነሱን ብትመኝ ያምርባታል። ያሰጉኝ ሴፍቲ ያልሻቸው ሦስቱ ናቸው።

አሜሪካዊ ተማሪ ሴፍቲ የሚለው ያለጥርጥር የሚገባበትን፣ ቤተሰቡም የሚከፍለውን ትምህርት ቤት ነው። አንቺ መግባቱን ብቻ ነው ያየሽው። የስቴት ዩኒቨርሲቲዎቹ በውጤትሽ ሊቀበሉሽ ይችላሉ። ግን ለውጭ ተማሪ የቤተሰብ አቅም አይተው የሚሰጡት ድጋፍ ከስንት አንዴ ነው። የመቀበያው ደብዳቤ ይመጣል፤ ቤተሰቡ እልል ይላል፤ ከዚያ የዓመቱ ሂሳብ በአሥር ሺዎች በሚቆጠር ዶላር ይከተላል። ለተማሪ ቪዛ የሚያስፈልገውን አይ-20 የሚባለውን ወረቀት ደግሞ የመጀመሪያ ዓመት ወጪሽ መሸፈኑን ካላሳየሽ አይሰጡሽም። ስለዚህ ላንቺ ከአምኸርስት ይልቅ የራቁት እነሱ ናቸው። ሦስቱንም አውጫቸው።

አሁን ወደ ላይኞቹ። አምስቱም ከተቀበሉሽ ቤተሰብሽ ከሚችለው በላይ ያለውን ወጪ ሙሉ በሙሉ ይሸፍናሉ። ልዩነቱ ያለው ሲመርጡ ነው። አምኸርስትና ቦውዶይን ለውጭ አመልካችም ኒድ ብላይንድ ናቸው፤ ማለትም ገንዘብ መጠየቅሽ ለመቀበል ወይም ላለመቀበል ምክንያት አይሆንም። ዊሊያምስ፣ ፖሞናና ስዋርዝሞር ግን የውጭ ተማሪ ስንት እንደሚጠይቅ አይተው ነው የሚወስኑት። ይሄኛው ኒድ አዌር ይባላል። የአምስቱም በር ጠባብ ነው፤ ከ100 አመልካች የሚያስገቡት 10 አካባቢ ወይም ከዚያ በታች ነው። ሙሉ ገንዘብ ለሚጠይቅ የውጭ ተማሪ ደግሞ ይብሳል። አምስቱንም አትያዢ፤ ሁለቱ ኒድ ብላይንዶችና ከቀሩት አንዱ ይበቁሻል። ለእያንዳንዱ ኮሌጅ የተለየ ኤሴይ መጻፍ ጊዜ ይበላል።

ከዝርዝርሽ የጎደለው መሃሉ ነው፤ በራቸው ሰፋ ያለ፣ ገንዘብም የሚሰጡ ኮሌጆች። ሴት ስለሆንሽ ደግሞ ብዙዎች የማያገኙት አማራጭ አለሽ፤ የሴቶች ኮሌጆቹ። ማውንት ሆልዮክ፣ ስሚዝና ብሪን ማር ኒድ አዌር ናቸው፤ የተቀበሉትን ተማሪ ግን ሙሉ በሙሉ ይደግፋሉ። በተለይ የማውንት ሆልዮክ በር ከአምኸርስት በጣም ሰፋ ያለ ነው። ለማውንት ሆልዮክና ለስሚዝ የማመልከቻ ክፍያም የለም። ሁለቱ ከአምኸርስት ጋር በአንድ አካባቢ፣ ማሳቹሴትስ ውስጥ ናቸው። አምስት ትምህርት ቤቶች ተስማምተው ተማሪው ከአንዱ ወደ ሌላው በአውቶቡስ እየሄደ ኮርስ ይወስዳል። አምኸርስት እንቢ ቢልሽ እንኳ ማውንት ሆልዮክ ሆነሽ እዚያው ክፍል ልትማሪ ትችያለሽ። ይህን የሚያውቅ የአገራችን ተማሪ ጥቂት ነው፤ ያሳዝነኛል።

ሚኒሶታ ያለውን ማካሌስተርንም ጨምሪ። ኮፊ አናን በ1961 እ.ኤ.አ. የተመረቁት ከእሱ ነው፤ የውጭ ተማሪ መቀበል የቆየ ልማዱ ነው። ኬንታኪ ያለው ቤሪያ ደግሞ ከተማሪ የትምህርት ክፍያ አይቀበልም። ተማሪው ሁሉ በሳምንት ቢያንስ 10 ሰዓት ግቢ ውስጥ ይሠራል። የሚወስዳቸው የውጭ ተማሪዎች ጥቂት ስለሆኑ ሴፍቲ ብለሽ እንዳትይዥው።

ቀድመሽ አመልክተሽ ቀድመሽ መልስ በምታገኚበት በኢርሊ ዲሲዥን የምታመለክችው አንድ ቦታ ብቻ ነው፣ ከተቀበሉሽና ገንዘቡ ከበቃሽ ደግሞ የመግባት ግዴታ አለብሽ። እኔ ብሆን ለአምኸርስት አላደርገውም። ገንዘብ መጠየቅሽ የሚከብደው ኒድ አዌር ኮሌጅ ላይ ነው፤ እዚያ ደግሞ የድጋፍ በጀቱ ገና ሳይነካ መድረስ ይጠቅምሻል። የመጀመሪያው ዙር ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ህዳር መጀመሪያ ይዘጋል፤ ቀኑን ከየኮሌጁ ድረ ገጽ አረጋግጪ።

በውጤት ብቻ ስኮላርሺፕ የሚሰጡ ኮሌጆችም ያጋጥሙሻል። 70 ሺህ ዶላር የሚያስከፍል ኮሌጅ 35 ሺህ ሰጠሁሽ ሲል ደስ ይላል። ቀሪውን 35 ሺህ ግን ማን ይከፍላል? አራት ዓመት ሙሉ?

ወደ ሕክምናው ልምጣ። እዚህ ላይ ካልተነጋገርን ሌላው ምክር ዋጋ የለውም። አሜሪካ ሕክምና የሚጀመረው ከመጀመሪያ ዲግሪ በኋላ ነው። የውጭ ዜጋ የሚቀበሉ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ጥቂት ናቸው፤ ከተቀበሉም ገንዘብ የሚሰጡት ከዚያም ያነሱ ናቸው። እዚህ ግን ከፍሬሽማን ዓመት ቀጥለሽ ሕክምና መግባት ትችያለሽ፤ ባህር ዳር ዩኒቨርሲቲም ጥበበ ግዮንን የመሰለ የማስተማሪያ ሆስፒታል አለው። የምትፈልጊው ሐኪም መሆን ከሆነ የአገር ቤቱ መንገድ ያጥራል፣ የበለጠም አስተማማኝ ነው። ምርምርና ባዮሎጂ ከሆነ ሊበራል አርትስ ኮሌጁ ያምርብሻል፤ ክፍሉ ትንሽ ነው፣ ፕሮፌሰሩ በስምሽ ያውቅሻል፣ ገና ዲግሪ ሳትይዢ ላብራቶሪ ያስገባሻል። የቱ እንደሆነ አስቢበት፤ ኤሴይሽም ይጠራል።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው አንድ ነው፤ ሴፍቲሽ አገር ውስጥ ነው። ማትሪኩን መተውሽ ያስደነገጠኝም ለዚህ ነው። 50 በመቶ ማምጣት ግዴታ በሆነበት በ2014 ዓ.ም. ከ100 ተፈታኝ አራቱ እንኳ አላለፉም። አንደኛ መውጣትሽ ብቻውን አይበቃም። የአሜሪካ መልስ መጋቢት ላይ ይመጣል፣ ቪዛውም ገና ሌላ ፈተና ነው። ቅዳሜና እሁድን ለኤሴይ አድርጊ፣ ሌላው ቀን የማትሪክ ይሁን።

ጋና ያለውን አሸሲ ዩኒቨርሲቲንም ተመልከቺ። መሥራቹ ፓትሪክ አዉዋ የስዋርዝሞር ተመራቂ ነው፤ ሊበራል አርትሱን ከኮምፒዩተር ሳይንስ፣ ከቢዝነስና ከኢንጂነሪንግ ጋር ያስተምራል። ባዮሎጂ ግን አታገኚበትም። ስኮላርሺፕም አለው፤ ያም ቢሆን ውድድር ነው።

የገንዘብ ቅጹን ለመጨረሻ አታቆይው። ሲኤስኤስ ፕሮፋይል የሚባለው ይህ ቅጽ የአባትሽን ደመወዝ፣ የሱቁን ገቢ፣ ቤታችሁን፣ ባንክ ያለውን ሁሉ ይጠይቃል። የአባትሽን ደመወዝ የሚገልጽ ማኅተም ያለው ደብዳቤ ከትምህርት ቤቱ ያውጡልሽ። እናትሽ እቁብ የምትጥል ከሆነ፣ አያትሽን የምትጦሩ ከሆነ፣ ከዱባይ ገንዘብ የምትልክላችሁ አክስት ካለች ልዩ ሁኔታ በሚለው ክፍል በግልጽ ጻፊው። ለመመረጥ ብለሽ ቤተሰብሽ የማይችለውን መጠን እንዳትሞዪ። ብዙ ኮሌጆች ለውጭ ተማሪ ድጋፉን በኋላ አይጨምሩም፤ ሁለተኛ ዓመት ላይ ከፍለሽ መቀጠል ያቅትሻል።

ዛሬ ማታ ከአባትሽና ከእናትሽ ጋር ተቀምጣችሁ በዓመት ሳትበደሩ የምትችሉትን ቁጥር አውጡ። ትንሽ ቢሆንም አትፈሪው። እሱንና ከሕክምናና ከምርምር የመረጥሽውን ጽፈሽ ላኪልኝ፤ ኢርሊ ዲሲዥኑን ለየትኛው እንደምታደርጊ ያን ጊዜ አብረን እንወስናለን።