ጥያቄና መልስ፦ ግላጎሊቲክ በኮምፒውተር ላይ

ግላጎሊቲክ የተባለውን ፊደል በ9ኛው መቶ ዘመን ለስላቮች የቀረጸው የተሰሎንቄው ቄርሎስ ነው ይባላል (የእስክንድርያው አይደለም)። ለዓለም ፊደላት ሁሉ ቁጥር በሚሰጠው ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ2005 ነው (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። የእናንተ ጥያቄዎች እነሆ።

ፋይሉን ስከፍት የሚታየኝ ባዶ ሳጥን ብቻ ነው፤ ተበላሽቶ ይሆን?

አልተበላሸም፤ ፎንት ነው የጎደለዎት። ኖቶ ሳንስ ግላጎሊቲክን ይጫኑ።

የቡልጋሪያው ክብ፣ የክሮኤሺያው ማዕዘናም ሆኖ ሳለ ለምን የየራሳቸው ኮድ አልተሰጣቸውም?

ስለምን ይሰጣቸዋል? የብራናው «ሀ» እና የጋዜጣው «ሀ» ሁለት ፊደል አይደሉም። እነዚህም ከ11264 እስከ 11359 ባሉት ቁጥሮች አብረው ይኖራሉ፤ ቅርጹን የሚወስነው ፎንቱ ነው። በትልቁ ፊደል ቁጥር ላይ 48 ሲደምሩ ትንሹን ያገኛሉ።

አንድ ተመራማሪ ረጅም ደብዳቤ ልኮልኛል። ባጭሩ፦ በ1990ዎቹ የተተየበ የወርድ ፋይል አለው፤ ፎንቱን ሲቀይር ግላጎሊቲኩ የላቲን ፊደል ይሆንበታል። ፋይሉን በፕሌይን ቴክስት (ፎንት በማይይዝ ተራ ጽሑፍ) አስቀምጦ ፊደላቱን ሊተካ አስቧል።

እባክዎ እንዳያደርጉት! ከዩኒኮድ በፊት በነበሩት የግዕዝ ፎንቶች የጻፈ ሰው ይህን በሽታ ያውቀዋል። ፋይሉ ውስጥ የተቀመጠው የላቲን «ኤ» ነው፤ ፎንቱ የግላጎሊቲክ ልብስ አልብሶታል እንጂ። የትኛው «ኤ» የስላቭ፣ የትኛው የግርጌ ማስታወሻው ላቲን እንደሆነ የሚነግርዎት የፎንቱ ስም ብቻ ነው። ፕሌይን ቴክስት ያንን ስም ያጠፋዋል፤ ከዚያ ወዲያ መለየት የለም።

መጀመሪያ ቅጂ ያስቀሩ። የፎንቱን ቁልፎች አንድ በአንድ ተይበው ከጎናቸው የዩኒኮዱን ቁጥር ይጻፉ። ይህ ሰንጠረዥ የሚሠራው ለዚያ ፎንት ብቻ ነውና ከጓደኛ አይዋሱት። ቀጥሎ በወርድ «ፈልግና ተካ» ላይ አሮጌውን ፎንት በመፈለጊያው፣ አዲሱን በመተኪያው ይምረጡ። ትልቅና ትንሽ ፊደልን እንዲለይም ይዘዙት፤ ካላዘዙት ሁለቱን አንድ ያደርጋቸዋል። በሁለት ቁልፍ የሚጻፉት ይቅደሙ፤ ነጠላዎቹ ከቀደሙ ጥንዶቹን ይበሏቸዋል። በመጨረሻ በአሮጌው ፎንት የቀረ ነገር ይፈልጉ፤ ያ ሰንጠረዥዎ የዘለለው ነው።

ከፊደል በላይ የሚቀመጡትን ትንንሽ ፊደላት ስጨምር ዳታቤዙ ጽሑፉን ይቆርጠዋል፤ ዋናዎቹን ግን ይቀበላል።

ዳታቤዙ ማይኤስኪውኤል የተባለው መሆኑን ሳይነግሩኝ ገመትኩ። ዋናዎቹ በዩቲኤፍ-8 (የዩኒኮድ ቁጥሮች በሚቀመጡበት ዘዴ) 3 ባይት ይይዛሉ፤ በ2016 የተጨመሩት 38 ትንንሾቹ ግን ከ122880 ጀምሮ ስለተመደቡ 4 ባይት ይፈልጋሉ። የማይኤስኪውኤል አሮጌው «ዩቲኤፍ8» ስሙን ይዞ 3 ላይ ይቆማል። ሠንጠረዡን ወደ «ዩቲኤፍ8ኤምቢ4» ይቀይሩ፤ ፕሮግራሙ ከዳታቤዙ ጋር የሚገናኝበትን ኮኔክሽንም ጭምር፣ ብዙ ሰው የሚረሳው እሱን ነው። ኢንዴክስ ያለው የ255 ፊደል ዓምድ በአሮጌ ስሪት እምቢ ካለ ወደ 191 ያውርዱት። የተቆረጠው አይመለስም። ሲተይቡም ተራው ዋና ፊደል፣ ትንሹ ፊደል፣ ከዚያ ቲትሎ (ከፊደል በላይ የሚሰመረው ምልክት፣ ቁጥሩ 1155) ይሁን፤ ቢገለበጥ ፍለጋ አያገኘውም። የቀረውን ሰርቨሩን የሚያስተዳድረውን ይጠይቁ።

ብራናው ላይ በግላጎሊቲክ ፊደላት የተጻፈውን ዓመት በሲሪሊክ (ሩስኛ በሚጻፍበት ፊደል) ተክቼ አነበብኩት፤ ልክ ነኝ?

አይደሉም። ፊደላቱ እንደ ቁጥርም ያገለግላሉ፤ በግላጎሊቲክ ቡኪ የተባለው ፊደል 2፣ ቬዲ 3፣ ግላጎሊ 4 ነው። ሲሪሊክ የግሪክን ቁጥር ስለሚከተል ቡኪ ዋጋ የለውም፤ ቬዲ 2፣ ግላጎሊ 3 ይሆናሉ። ፊደሉን በትክክል ቢተኩም ቁጥሩ ይዛባል። ለልማድ ያህል የምለው አይደለም፦ የጥንት ስላቭ ጽሑፍ ባለሙያ ብራናውን ሳያይ ዓመቱን እንዳያትሙት።

ባለብዙ ዓይኑ የሲሪሊክ «ኦ» ስንት ዓይን ነው ያለው?

10። የታወቀው በ1429 ገደማ ከተጻፈ አንድ መዝሙረ ዳዊት ነው፤ ስለ ባለብዙ ዓይን ሱራፌል በሚናገር ሐረግ ውስጥ። በ2008 ዩኒኮድ ሲገባ 7 ዓይን አድርገው ሳሉት፤ በ2022 ታረመ። ቁጥሩ ግን ያው 42606 ነው። ፎንትዎ 7 ካሳየዎት አሮጌ ነው።