ታህቱን አትርሱ

ልጆቼ፣

ስለ ስደትና ስለ ብሔረሰቦች ስትከራከሩ አነባለሁ። ቁጥር ትወራወራላችሁ፤ ደስ ይለኛል። እኔም ዕድሜዬን የፈጀሁት ከቆጠራ ሰንጠረዥ ጋር ነው። ሙያውን የተማርኩት ሶቪየት ኅብረት ስለሆነ ምሳሌዬም ከዚያው ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ያዙልኝ።

ጊዜው 1991 ነው። አገሪቱ ልትፈርስ ወራት ቀርተዋታል። ስለ ሃንቲና ማንሲ ሕዝቦች አጭር ጽሑፍ እንዳዘጋጅ ታዘዝኩ። ምዕራብ ሳይቤሪያ ውስጥ በዓሣ፣ በአደንና በአጋዘን እርባታ የኖሩ ሕዝቦች ናቸው። ቆጠራዎቹን አገላበጥኩ። በስማቸው በተሰየመው ግዛት በ1959 ሁለቱ አንድ ላይ 17 ሺህ ገደማ ነበሩ። በ1989 ከ18 ሺህ አለፉ። «ጨምረዋል፤ የሚያሰጋ ነገር የለም» ብዬ ዘጋሁት።

መምህሬ ወረቀቱን ሲመልሱልኝ ዳር ላይ በቀይ እርሳስ አንዲት ቃል ብቻ ነበረች፦ «ከስንት?»

አፈርኩ። የክፍልፋዩን ላዕል ይዤ ታህቱን፣ ማለትም ጠቅላላውን ነዋሪ፣ ረስቻለሁ። የአራተኛ ክፍል ስህተት! በ1959 የግዛቱ ነዋሪ በሙሉ 124 ሺህ ያህል ነበር። ከዚያ ነዳጅ መጣ። ሳሞትሎር የተባለው ግዙፍ የነዳጅ ቦታ የተገኘው በ1965 ነው። ሠራተኛው ከየአቅጣጫው ጎረፈ። በ1989 ነዋሪው ከ1.2 ሚሊዮን በላይ ሆነ። ከመቶ 14 ያህል የነበሩት ከመቶ 2 እንኳ አልሞሉም። አንድ ሰው ሳይጎድልባቸው በገዛ አገራቸው እንግዳ ሆኑ። ገበያው፣ መሥሪያ ቤቱ፣ ትምህርት ቤቱ በሩሲያኛ ነው። የአጋዘን አርቢ ልጆች አዳሪ ትምህርት ቤት ይገባሉ። ለእረፍት ሲመለሱ አያታቸው የምትለው ይገባቸዋል፤ የሚመልሱላት ግን በሩሲያኛ ነው።

ታዲያ መጤው ላይ ለመፍረድ አትቸኩሉ። ከመጡት ውስጥ ዩክሬናዊው፣ ደግሞም የራሳቸው ቋንቋ ካላቸው የሩሲያ ሕዝቦች ታታሩና ባሽኪሩ ብዙ ነበር። ታታሩ እዚያ ሲደርስ ከብዙኃኑ ይቆጠራል፤ ስለ ራሱ ቋንቋ ግን እሱም ይሰጋል። ደመወዝ ፈልጎ ነው የመጣው። የት እንደሚቆፈር የወሰነው ሞስኮ ነው። ደግሞ ፈልጎ የሄደና ተጭኖ የሄደ ሰንጠረዥ ላይ አንድ ይመስላሉ። በፌብሩዋሪ 1944 የካውካሰስ ሕዝቦች የሆኑት ቼቼኖችና ኢንጉሾች በጭነት ባቡር ታጉረው ወደ መካከለኛው እስያ ተጋዙ። ይህንንም «የሕዝብ እንቅስቃሴ» ብሎ የሚያልፍ አይጠፋም። እናንተ እንዲህ እንዳትጽፉ።

አሁን አሁን ከድምሩ በፊት የማየው ሌላ ነገር ነው። ልጆች እርስ በርሳቸው ሲጣሉ በምን ቋንቋ ይሰዳደባሉ? የዶርም ጓደኛዬ ኡድሙርት ነበር፤ የራሱ ቋንቋ ያለው ሌላ የሩሲያ ሕዝብ ነው። ኮሪደሩ ላይ ባለው ስልክ እናቱን በቋንቋቸው ያዋራታል። ሰው ብቅ ካለ ዓረፍተ ነገሩን እንኳ ሳይጨርስ ወደ ሩሲያኛ ይገለብጠዋል። ማንም አልከለከለውም። «ለምን?» ስለው፣ «እኔ እንጃ፣ ለምዶብኝ ነው» አለኝ።

በ2018 የሩሲያ ሕግ ተቀይሮ በሪፐብሊኮቹ (በየብሔሩ ስም በተሰየሙት የሩሲያ ክልሎች) የአካባቢውን ቋንቋ መማር በወላጅ ፈቃድ ብቻ ሲሆን ትዝ ያለኝ እሱ ነው። ፈቃድ ሲባል ለጆሮ ደስ ይላል። ዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተናው በሩሲያኛ፣ ሥራው በሩሲያኛ ሆኖ ወላጅ ምን ይመርጣል?

በ2010 ቆጠራ ኡድሙርቶች 552 ሺህ ነበሩ። በ2021 386 ሺህ። ሳየው ደነገጥኩ። ግን ቀዩ እርሳስ ትዝ አለኝና የጎንዮሹን ዓምድ አየሁ፤ ብሔሩ ሳይመዘገብ የቀረ ከ16 ሚሊዮን ሰው በላይ አለ። ከጎደሉት ስንቱ ሞተ፣ ስንቱ ራሱን ሩሲያዊ ነኝ አለ፣ ስንቱስ ጨርሶ አልተጠየቀም? ሰንጠረዡ አይናገርም። ለዚያ የዶርም ጓደኛዬ ደወልኩለት።

«ልጆችህ ምን ብለው ተመዘገቡ?»

«ቆጣሪ መቼ ቤታችን መጣና?» አለኝ።