«ጠፋች» ብለው አይንገሯት

ከአዘዞ፣ ጎንደር፣ የጻፉልኝ እናት ደብዳቤ ባጭሩ እንዲህ ይላል፦

«የዘጠኝ ዓመት ሴት ልጅ አለችኝ። አጎቷ ያመጣላትን ነጭ ጥንቸል ‹ጥጤ› ብላ ሰይማ ታሳድጋለች። ጥንቸሏ በግቢያችን በዶሮ ሽቦ በተሠራ ሳጥን ውስጥ ነው የምትኖረው። በፊት ከልጄ እጅ ትበላ ነበር። ከክረምቱ ወዲህ ግን ጠባይዋ ተለወጠ። ሰው ሲቀርባት ጥግ ትይዛለች፤ የኋላ እግሯን መሬት ላይ ትደበድባለች፤ ልጄ ልታቅፋት ስትሞክር ክንዷን ቧጨረቻት። ከእግሮቿ ሥር ፀጉሩ ረግፎ ቀልቷል፤ አንዱ ላይ ቁስል አለ። ባለቤቴ የእብድ ውሻ በሽታ እንዳይሆን ፈርቶ፣ ‹ልጅቷ ትምህርት ቤት ስትሄድ ለሰው እሰጣታለሁ፤ አንቺ ጠፋች በያት› ይለኛል። አማቴም ‹የማይበላ እንስሳ በቤት ምን ይሠራል?› ይላሉ። ልጄ ምግብ ቀንሳለች። ሌሊት ድምፅ ስትሰማ ተነሥታ ወደ ጥንቸሏ ትሮጣለች። ምን ላድርግ?»

እህቴ፣ የቀረውን ቀስ ብለን እንነጋገርበታለን፤ ይህን ግን ላስቀድም፤ እባክዎ ልጅዎን «ጠፋች» አይበሏት። የዘጠኝ ዓመት ልጅ እናቷ የነገረቻትን ታምናለች፤ ስላመነችም ትፈልጋለች። ከትምህርት ቤት በተመለሰች ቁጥር አጥሩን ትዞራለች፣ ጎረቤት ታንኳኳለች። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ «የሳጥኑን በር በደንብ አልዘጋሁት ይሆን?» ብላ ራሷን መክሰሷ ነው። በዚህ ዕድሜ ያሉ ልጆች ምክንያቱን ያላወቁትን ነገር ቶሎ በራሳቸው ላይ ያሳብባሉ። ቆይቶ እውነቱን ስትሰማ፣ ከሌላ ሰው መስማቷም አይቀርም፣ የምታዝነው በጥንቸሏ ብቻ አይሆንም።

አሁን ወደ ጥንቸሏ እግር እንሂድ። የሥነ ልቦና ባለሙያ ስለ ጥንቸል እግር ምን አገባው እንዳይሉኝ፤ የቤታችሁ ችግር የጀመረው ከዚያ ይመስለኛል። ውሻና ድመት ከመዳፋቸው ሥር እንደ ትራስ የሚያገለግል ወፍራም ቆዳ አላቸው። ጥንቸል ይህ የላትም። ቆዳዋን ከመሬት የሚለየው ፀጉር ብቻ ነው። በሽቦ ወይም በሲሚንቶ ላይ ስትውል ስታድር ፀጉሩ ያልቃል፤ ሽንትና የክረምት እርጥበት ሲጨመርበት ቆዳው ይቀላል፣ ይላጣል፣ ይቆስላል። ጥፍሯ ካደገ ወይም ክብደቷ ከጨመረ ጫናው በተረከዟ ላይ ስለሚያርፍ ይብሳል። ከቆየ ቁስሉ እስከ አጥንት ሊዘልቅ ይችላል።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እንላለን። ጥንቸል ግን ተፈጥሮዋ ራሱ ደብቂ ይላታል። በዱር የታመመችና ያነከሰች መሆኗ ከታወቀ ቀበሮና ጭልፊት የሚመርጡት እርሷን ነው። ስለዚህ አትጮኽም። ተኮራምታ ትቀመጣለች፣ ጥርሷን ታፋጫለች፣ ትደበቃለች፣ ምግብ ትቀንሳለች። እግሯን መሬት ላይ መደብደቧ «አደጋ አለ» የምትልበት ቋንቋዋ ነው። እንግዲህ በልጅዎ ቦታ ሳይሆን በጥጤ ቦታ ሆነው ያስቡት። ተረከዟ ቆስሏል፤ ሁለት እጆች ከላይ መጥተው ያነሷታል፤ ስትነሣና ስትቀመጥ ያማታል። ይህ ሲደጋገም እጅ ማለት ሕመም ማለት ሆነባት። የቧጨረችው ራሷን ለመከላከል ነው። ክፉ ሆናም አይደለም፤ ልጅዎን ጠልታም አይደለም። ይህን የመጨረሻውን ቃል ለልጅዎ ደጋግመው ይንገሯት፤ ምግብ ያስቀነሳት «ጠላችኝ» የሚለው ሐሳብ ሊሆን ይችላልና።

ከሽቦው ዛሬውኑ ያውጧት። ጣውላ ያንጥፉላትና በላዩ ደረቅ የሣር ድርቆሽ በወፍራሙ ይጎዝጉዙበት፤ የረጠበውን በየቀኑ ይቀይሩ። ቁስሉን የእንስሳት ሐኪም ይየው። ከተማችሁ የእንስሳት ሕክምና የሚያስተምር ዩኒቨርሲቲ ያላት በመሆኗ የሚጠይቁት ባለሙያ አያጡም። አንድ ነገር አደራ፦ ቤት ውስጥ የተረፈ አሞክሳሲሊን ካለ እንዳይሰጧት። ይህ መድኃኒት በአፍ ሲሰጥ በጥንቸል አንጀት ውስጥ ያሉትን ጠቃሚ ባክቴሪያዎች አጥፍቶ ሊገድላት ይችላል። ግማሽ ቀን ያህል ምንም ካልበላች ወይም ኩስ ካልጣለች ደግሞ ለነገ የሚባል ጉዳይ አይደለም።

ባለቤትዎን በተመለከተ፣ ጨካኝ ናቸው ብዬ አላምንም። ልጃቸው ተቧጭራለች፤ ፈርተዋል። በግቢ ተዘግታ የኖረች፣ ውሻም ሆነ ሌላ አውሬ ያልነከሳት ጥንቸል የእብድ ውሻ በሽታ የመያዟ ነገር እጅግ የራቀ ነው። ውሻ ነክሷት እንደማያውቅ እርግጠኛ ካልሆናችሁ ጤና ጣቢያ ጠይቁ። የልጅቷን ክንድ በሳሙናና በብዙ ውኃ እጠቡ፤ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባቷን መውሰዷንም አረጋግጡ። ከዚያ በኋላ፣ ልጅቷ ከተኛች በኋላ፣ ሁለታችሁ ብቻ ተቀመጡና «አንተ የፈራኸው ለልጃችን ነው፤ እኔም የፈራሁት ለእርሷ ነው» ብለው ይጀምሩ። የጣውላውን ወለል እርሳቸው እንዲሠሩ ይጠይቋቸው። ልጅቷ አባቷ ለጥጤ ሲደክሙ ማየት ያስፈልጋታል።

አማትዎ ጥንቸል የማይበላ ነው ማለታቸው በእምነታቸው ልክ ነው፤ በዚህ አይከራከሯቸው። ድመትም አይበላም፤ በየቤቱ ግን ይኖራል። ሳጥኑን ከማድ ቤት ማራቅና እጅ ታጥቦ ወደ ምግብ መቅረብ ለእርሳቸውም አክብሮት ነው፤ ለጤናም ይበጃል።

ቁስሉ መዳን ሲጀምር ፍርሃቷን ማከም ይቻላል፤ ከዚያ በፊት ግን አይሞክሩት፤ እያመማት የሚሰጣት ጎመን አያጽናናትም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1924 ሜሪ ከቨር ጆንስ የተባለች አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ባለሙያ ፒተር የተባለ ሦስት ዓመት ያልሞላው ሕፃን ያከመችበትን ሥራ አሳተመች። ሕፃኑ የሚፈራው ጥንቸል ነበር። የሚወደውን ምግብ እየበላ ሳለ ጥንቸሏን በሽቦ ሳጥን አድርጋ ራቅ አድርጋ ታስቀምጥና፣ ሳይደነግጥ ሲቀር ብቻ ጥቂት ታቀርባት ነበር። በመጨረሻ ልጁ ጥንቸሏን በእጁ እስከመዳሰስ ደረሰ። ዛሬም ፍርሃትን ስናክም በብዙ መልኩ የምንከተለው ይህንኑ መንገድ ነው። በእናንተ ቤት የፈራችው ጥንቸሏ ናት፤ መንገዱ ግን አይለወጥም።

ልጅዎ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ከሳጥኑ ራቅ ብላ መሬት ላይ ትቀመጥ። ጎመን ወይም ለጋ ሣር ታስቀምጥና እጇን ትሰብስብ። ጥጤ ራሷ እስክትመጣ አትጥራት፣ አትከተላት። ጥንቸል ከአፍንጫዋ ፊት ለፊት ያለውን አታይም፤ ስለዚህ እጅ ከጎን፣ ዝቅ ብሎ ይምጣ። በጆሮ መያዝ ፈጽሞ አይገባም። መነሣቷ ግድ ከሆነ ትልቅ ሰው ደረቷንና የኋላ እግሮቿን ደግፎ ያንሣት፤ በአየር ላይ ስትፈራገጥ ወገቧ ሊሰበር ይችላል። ለልጅ ማቀፍ ፍቅር ነው፤ በሌሎች ለሚታደን እንስሳ ግን መያዝ ነው። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ይህን ከተረዳች፣ የምትወደው ሌላ ፍጡር ፍቅርን በሌላ መንገድ እንደሚሻ ተማረች ማለት ነው። ብዙ ትዳሮች ይህ ትምህርት ሲጎድላቸው አይቻለሁ።

ያስጨነቀኝ ሌሊት መሮጧ ነው። ጎንደር ውስጥ የሚያድጉ ልጆች በእነዚህ ዓመታት የተኩስ ድምፅ ሰምተዋል። ልጅዎ ድምፅ ስትሰማ ጥንቸሏን ለማጽናናት የምትሮጠው የራሷን ፍርሃት የምታስቀምጥበት ቦታ ስላጣች ሊሆን ይችላል። «አትፍሪ» አይበሏት። «ምን ሰማሽ? ጥጤስ ምን የተሰማት ይመስልሻል?» ብለው ይጠይቋት። ስለ ጥንቸሏ ስትመልስ ስለ ራሷ ትነግርዎታለች። ሌሊት ስትነሣ አብረዋት ይውጡ፣ አብረዋት ይመለሱ። የምግብና የእንቅልፍ ችግሯ ከሳምንታት በላይ ከቀጠለ፣ ወይም ትምህርቷን ከነካ፣ ስለ ልጆች የሚያውቅ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ያማክሩ።

ሁሉ ተሞክሮ ቤተሰቡ ጥንቸሏን ማኖር አልችልም ቢል፣ ያም ይቻላል። ልጅቷ ግን ትወቅ፤ የሚወስዳት ሰው ሲመረጥ ትኑር፤ ራሷ ታስረክብ፤ ማልቀሷንም አይከልክሏት። ይህን ውሳኔ ግን እግሯ ሳይድን አትወስኑ። ቆስላ የተሰጠች ጥንቸል ለተቀበላትም ሰው ፈሪና ቧጫሪ ሆና ነው የምትደርሰው። ስለዚህ ነገ ጠዋት ለሐኪም ያሳዩልኝ፤ ልጅዎንም ይዘዋት ይሂዱ።