አጃው ለምን ይፈረፈራል?

ባለፈው ወር በዚህ ዓምድ ላይ በቴምርና በአጃ ስለሚጋገር መክሰስ ሁለት መስመር ጣል አድርጌ ነበር። ሁለቷ መስመር ጉድ አፈላች። የድፎ ዳቦና የኬክ ጥያቄዎች ተራቸውን እየጠበቁ፣ የአጃው ሁሉንም ቀድሞ መጣ። ስለዚህ ዛሬ ሙሉ ዓምዱ የአጃ ባር ነው። በሱፐርማርኬት በፕላስቲክ ተጠቅልሎ በአንድ ዳቦ ቤት ዋጋ የሚሸጠው ማለቴ ነው፤ አጃ፣ ፍራፍሬና ማር አንድ ላይ ተጋግሮ በጣት ቅርጽ የሚቆረጠው።

"እህቴ፣ ሁለት ልጆች አሉኝ። ለምሳ ዕቃቸው ብዬ በአጃ፣ በሙዝና በማር ሠራሁላቸው። ከኦቭን ሲወጣ ሽታው ጎረቤት ይጠራል። ቶሎ እንዲደርስላቸው ወዲያው ስቆርጠው ግን ብትንትን አለ። በማንኪያ በሉት። ምን አጎደልኩ?" (እናት፣ ከገርጂ)

በማንኪያም ቢሆን መብላታቸው ትልቅ ነገር ነው። ጥፋቱ ግን ደብዳቤሽ ውስጥ ቁልጭ ብሎ ይታያል፦ "ወዲያው ስቆርጠው"። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል አሉ! ማርና የቴምር ስኳር ትኩስ እያሉ ፈሳሽ ናቸው። አጃውን የሚይዙት ሲቀዘቅዙ ነው። ከኦቭን ሲወጣ መሐሉ ለስላሳ ሆኖ ቢያስጨንቅሽ አትንኪው። ትሪው ውስጥ እንዳለ ሙሉ በሙሉ ይቀዝቅዝ፤ ከዚያ ፍሪጅ ውስጥ አንድ ሰዓት ይቆይ። ከዚያ በኋላ ነው ቢላ የሚቀርበው።

ሁለተኛው ነገር ሙዙ ነው። ሙዝ ያለሰልሳል እንጂ እንደ ቴምር አያጣብቅም። የአርባ ምንጭ ሙዝ ምን ቢጣፍጥ ብቻውን አጃ ለመያዝ አቅም የለውም። ቴምር ጨምሪበት።

እኔ የምሠራው እንዲህ ነው። ለ20 በ20 ሳንቲ ሜትር ትሪ 200 ግራም ፍሬው የወጣለት ቴምር ወስጄ ግማሽ ኩባያ የፈላ ውሃ አፈስበታለሁ። 10 ደቂቃ ይቀመጥና ከነውሃው በሹካ አላቁጠዋለሁ። እዚያ ላይ 3 የሾርባ ማንኪያ ማር፣ 60 ግራም የቀለጠ የገበታ ቅቤ ወይም ያንኑ ያህል ዘይት፣ ቆንጠር ጨው። ጨውን እንዳትዘይው፤ ያለ ጨው ጣፋጭነቱ ደረቅ ይሆናል። የአገር ቅቤ ግን ይቅርብሽ፤ ቅመሙ ልጆቹን ወጥ የሚበሉ ያስመስላቸዋል። ከዚያ 250 ግራም አጃ፤ ወደ 3 ኩባያ ይጠጋል። ከዚህ ሲሶውን በጁስ መፍጫ ደቆስ አድርጊው። ዱቄቱ በትልልቆቹ ቅጠሎች መሐል ገብቶ ክፍተቱን ይሞላል። ብዙ ሰው የሚዘለው ይህንን ነው። በመጨረሻ ግማሽ ኩባያ የተቆላና የተከካ ለውዝ እና አንድ እፍኝ ዘቢብ።

አሁን መጠቅጠቅ። ትሪው ላይ የመጋገሪያ ወረቀት አንጥፊ፤ ጫፉ በሁለት በኩል ወጣ ይበል፣ በኋላ ይዘሽ የምታወጪው በሱ ነው። ሊጡን ገልብጪና ሌላ ወረቀት ከላይ አድርጊ። ቂጡ ዝርግ የሆነ ብርጭቆ ያዢና ከማዕዘኖቹ ጀምረሽ ወደ መሐል ተጫኚው። ማዕዘኖቹ ሁልጊዜ ይረሳሉ፤ መጀመሪያ የሚፈርሱትም እነሱ ናቸው። ላዩ እንደ ሲሚንቶ ወለል ዝርግ እስኪል አትተይው። ወረቀቱን ገልጠሽ በጣትሽ ንኪው። ጣትሽን ስታነሺ አንድ ቅንጣት አጃ አብሮ ከተነሳ ገና ነው፤ ድገሚው።

ኦቭኑ አስቀድሞ 165 ዲግሪ ይሙቅ። ከ25 እስከ 30 ደቂቃ፣ ዳር ዳሩ ቡናማ እስኪል። ስትቆርጪ ቢላውን እንደ መጋዝ አትጎትቺው፤ ትልቅ ቢላ ይዘሽ ቀጥ ብለሽ ወደ ታች ተጫኚው። 16 ቁራጭ ይወጣዋል።

በነገራችን ላይ፣ አዲስ አበባ ላይ ኬክ መሐሉ እየሰመጠ የሚያስቸግራችሁ ሁሉ ከዚህ ብትጀምሩ ይሻላል። ከተማችን ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ቤኪንግ ፓውደር ያለበት ነገር ቶሎ ይነፋና ሳይበስል ይወርዳል። የአጃ ባር ግን መነፋትም መውረድም አያውቅም።

"ላጤ ነኝ። ኦቭን የለኝም። ያለኝ እናቴ የሰጠችኝ የኤሌክትሪክ ምጣድና አንድ ስቶቭ ነው። እንጀራ መጋገር አልችልም፣ ምጣዱ ተቀምጧል። በሱ ይሆናል?" (ከጀሞ)

ይሆናል ወንድሜ፣ እንዲያውም የምጣድ የአጃ ባር ቅርፊቱ ደስ ይላል። ችግሩ ምጣድ ሙቀቱን የሚሰጠው ከታች ብቻ መሆኑ ነው። ሙቀት መቆጣጠሪያም አብዛኞቹ የላቸውም። ያው በመሰካትና በመንቀል ትቆጣጠረዋለህ።

ሊጡን ከላይ እንደጻፍኩት አዘጋጀው፤ ውፍረቱ ግን ከአንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል አይብለጥ። ምጣዱን አግለው። ጠብታ ውሃ ስትጥልበት ጭስ ብሎ ከጠፋ ደርሷል። አሁን ንቀለው። ትሪውን ምጣዱ ላይ በቀጥታ አታስቀምጥ፣ ታቹ ያርራል። ሦስት እኩል የሆኑ ጠፍጣፋ ድንጋዮች ወይም የብረት ክዳኖች ደርድርና እነሱ ላይ አስቀምጠው። ክዳኑን ግጠም። ሩብ ሰዓት ያህል ይቆይ፤ ከዚያ ሁለት ሦስት ደቂቃ ሰክተህ መልሰህ ንቀል። በየመሐሉ ክዳኑን እያነሳህ ከውስጥ በኩል በደረቅ ጨርቅ ጥረገው። እንፋሎቱ ተመልሶ ከተንጠባጠበበት ባር መሆኑ ቀርቶ ገንፎ ይሆናል።

ዳሩ ቡናማ ሲል በሌላ ወረቀትና ትሪ ገልብጠው፣ ላዩ ወደ ታች ይሁንና በቀረው ሙቀት 10 ደቂቃ ተወው። እናትህ ድፎ ዳቦ ስትገለብጥ አይተህ ከሆነ እጅህ ያውቀዋል። አንድ ጥቅም ደግሞ አለው፦ ሸክላው ሙቀት ስለሚይዝ መሐል ላይ መብራት ቢሄድ እንኳ ሥራው አይበላሽም።

"ልጄ፣ የቆርቆሮ አጃ ዋጋው አይቀመስም። እኔ ጓዳ የአገር አጃ አለኝ፤ ለአጥሚትና ለቅንጬ ነው የምጠቀምበት። በሱ ይሠራል ወይ? ደግሞ ለጾም እንዲሆን ነው የምፈልገው።" (ከደብረ ብርሃን)

እማማ፣ ይሠራል፤ አሠራሩ ግን ይለያል። የቆርቆሮው አጃ በእንፋሎት ተቀቅሎ በማሽን የተዳመጠ ስለሆነ እርጥበት ቶሎ ይጠጣል። የእርስዎ አጃ ጥሬ እህል ነው። እንዳለ ቢጋግሩት ጥርስ ይሰብራል።

ስለዚህ መንገዱን ወደ በሶና ወደ ጭኮ እንውሰደው። በደንብ የተፈተገ መሆኑን አይተው ይጀምሩ፤ ገለባ የቀረበት አጃ ጉሮሮ ይቧጥጣል። በምጣድ ላይ በመጠነኛ እሳት፣ መልኩ ፈካ ብሎ እንደ ቆሎ እስኪሸት ይመሱት። ሲበርድ ሸካራ አድርገው ያስፈጩት፤ እንደ ሽሮ አይድቀቅ። ከዚህ 3 ኩባያ ይውሰዱ። 250 ግራም ቴምር በግማሽ ኩባያ የፈላ ውሃ ነክረው ያላቁጡና 4 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ ያንኑ ያህል ተቆልቶ የተፈጨ ለውዝ ወይም ሰሊጥ፣ ቆንጠር ጨውና ትንሽ ኮረሪማ ይጨምሩበት። ሁሉንም በእጅ ይሹት። ጨብጠው ሲለቁት የጣቶችዎ ቅርጽ ከቀረበት ልክ ነው። ከተፈረካከሰ አንድ ማንኪያ ሙቅ ውሃ፣ ከተጣበቀብዎት ጥቂት ዱቄት።

መጋገር አያስፈልገውም፣ አጃው ተቆልቶ በስሏል። ትሪ ላይ ጠቅጥቀው ያሳድሩትና ጠዋት ይቁረጡት። ቅቤ የለ፣ ወተት የለ፣ እንቁላል የለ። ማርም አልጨመርኩም፤ ቴምሩ ይበቃል። እውነቱን ልንገርዎት እማማ፣ ከሁሉም ዓይነት እኔ የምመርጠው ይሄንን ነው። የተቆላው አጃ ሽታ የቆርቆሮው ላይ የለም።

"ዱባይ ቤት ሠራተኛ ነኝ። ቴምር እንደ ልብ ነው። ዓርብ የዕረፍት ቀኔ ስለሆነ ያን ቀን ሠርቼ ለሳምንቱ ማስቀመጥ እፈልጋለሁ። ስንት ቀን ይቆያል? የትኛውን ቴምር ልጠቀም?" (እህታችሁ)

እህቴ፣ አንቺ በቴምር አገር ነው ያለሽው፤ እኛ እዚህ በረመዳን ሰሞን ነው እንደ ልብ የምናገኘው። መጁል ትልቅና ለስላሳ ነው፣ ሳይነከርም በሹካ ይላቆጣል፤ ግን ዋጋው ከፍ ይላል። ኸላስ ለዚህ ሥራ ከበቂ በላይ ነው፤ እንደ ከረሜላ ይጣበቃል። ከኸላስ ከሠራሽ ማሩን ቀንሺው። እስራኤል ያላችሁ ደግሞ በየሱቁ የሚሸጠውን ሲላን፣ ማለትም የቴምር ሽሮፕ፣ በማሩ ምትክ ተጠቀሙ።

በደንብ የተጋገረው ባር በቀዝቃዛ ቦታ ክዳኑ ግጥም ባለ ዕቃ 5 ቀን ያህል ይቆያል። በፍሪጅ ሁለት ሳምንት፣ በፍሪዘር እስከ 3 ወር። የዱባይ በጋ ግን ቀዝቃዛ ቦታ የሚባል ነገር አያውቅም፤ ስለዚህ በቀጥታ ፍሪጅ። እያንዳንዱን ቁራጭ ለየብቻ በወረቀት ጠቅልዪው። በቅቤ አትሥሪው፣ ቦርሳ ውስጥ ይቀልጥብሻል፤ ዘይት ይሻላል። ትኩስ ሙዝ ከገባበት ደግሞ ከፍሪጅ ውጭ ከሁለት ቀን በላይ አታምኚው።

"ማንጎ በትኩሱ ከትፌ ብጨምርበትስ?" (ከአሶሳ)

አይሆንም፤ ማንጎ አብዛኛው ውሃ ነው፣ አጃውን ያበሰብሰዋል። ይልቅ ሁለት ማንጎ ከትፈህ በግማሽ ሎሚ ጭማቂ ድስት ውስጥ እያማሰልክ ወደ ማርማላታ አድርሰው። ማንኪያ ስትጎትትበት የድስቱ ቂጥ መታየት አለበት። ግማሹን የአጃ ሊጥ ከታች ጠቅጥቅ፣ ማርማላታውን ቀባበት፣ የቀረውን ከላይ በትንበት። 35 ደቂቃ። ዘይቱን የሚባለው ፍራፍሬም በዚሁ መንገድ ይሆናል፣ ፍሬውን በወንፊት ካጣራህ። የጨንቻ ፖም ያገኘ ሰው ደግሞ ፈቅፍቆ፣ በእጁ ጨምቆ፣ እንዲሁ ከሊጡ ጋር ቢያዋህደው ይሠራል።

"ክብደት ለመቀነስ ኬክ ትቼ ይሄን ልብላ?" (ከቦሌ)

ከኬክ ይሻላል። የክብደት መቀነሻ ግን አይደለም። ከላይ የሰጠሁትን ልክ ደምሬ ለ16 ስካፍለው አንዱ ቁራጭ ወደ 175 ካሎሪ ይመጣል፤ ከሁለት የተቀቀለ እንቁላል ይበልጣል ማለት ነው። አጃው ስለሚያጠግብ አንድ ቁራጭ ከሻይ ጋር ከምሳ እስከ እራት ያደርሳል። ሦስት ከበላሽ ግን ያው ኬክ በይው። ስኳር ሕመም ያለባችሁም "ተፈጥሯዊ ነው" ተብሎ እንዳትሸወዱ። ማርም ቴምርም ደም ውስጥ ሲገባ ስኳር ነው። ሐኪማችሁን ሳታማክሩ አትጀምሩት።

"ልጄ 9 ወሩ ነው። እኔ ስበላ እጁን ይዘረጋል። ትንሽ ላቅምሰው?" (ከሐዋሳ)

ማር ያለበትን በፍጹም። ከአንድ ዓመት በታች ላለ ሕፃን ማር አይሰጥም። ቦቱሊዝም የሚባል ከባድ ሕመም የሚያመጣ ባክቴሪያ ዘር ማር ውስጥ ሊኖር ይችላል፤ የሕፃን አንጀት ደግሞ ገና አይቋቋመውም። በኦቭን መጋገሩም አያጠፋውም። ዘቢቡና የተከካው ለውዝም ያንቁታል። ለሱ የአጃውን ዱቄት በውሃ ቀጠን አድርገሽ አብስለሽ፣ የበሰለ ሙዝ አላቁጠሽ ቀላቅይለት። ባሩን እሱ ሲተኛ ብይው።