የቤተ ሙከራ አይጦች አዲስ ነገር ፍለጋ፦ ከጉርምስና እስከ ጉልምስና (ጥያቄና መልስ)

በቤተ ሙከራ አይጦች ባሕርይ ላይ ለዓመታት ስለሠራሁ፣ በዚህ ጉዳይ የምታነሡትን ጥያቄ ደሴ ሆኜ እመልሳለሁ። የእንስሳቱ ዕድሜና የፈተናው ዓይነት ያልተገለጸበትን ጥያቄ ግን ለመመለስ እቸገራለሁ።

ከኮምቦልቻ፦ መምህር፣ አይጥ ጎረመሰ የሚባለው መቼ ነው?

መልስ፦ በተወለደ በ21ኛው ቀን አካባቢ ጡት ይጥላል። ብዙዎቻችን ከ28ኛው እስከ 42ኛው ቀን ያለውን ጉርምስና እንለዋለን፤ እስከ 60ኛው ቀን የሚያራዝሙትም አሉ። ስለዚህ «ወጣት አይጥ» ብላችሁ አትጻፉ፤ ቀኑን ጻፉ።

ከወልድያ፦ ለመመረቂያ ጽሑፌ በ35ኛው ቀን ክፍት ሜዳ (አይጥ ለብቻው የሚለቀቅበት ግድግዳ ያለው ባዶ ሣጥን) ላይ የለካኋቸውን አይጦች በ75ኛው ቀን እዚያው ብለካቸው እንቅስቃሴያቸው ቀነሰ። አዲስ ነገር ፍለጋ በዕድሜ ይቀንሳል ብዬ ልደምድም?

መልስ፦ አይደምድሙ። ሜዳው በ35ኛው ቀን አዲስ ነበር፤ በ75ኛው ቀን ግን የሚያውቁት ቦታ ስለሆነ፣ ያዩት ለውጥ የዕድሜ ይሁን የትውስታ መለየት አይችሉም። ሰውነታቸውም ስላደገ ያው ሜዳ ጠቧቸዋል። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ፣ ሜዳው ውስጥ ተገዶ የገባ አይጥ መውጫ ስለሌለው ሩጫው ፍለጋም ፍርሃትም ሊሆን መቻሉ ነው፤ የሥነ ልቦና ተመራማሪው ካልቪን ሆል እ.ኤ.አ. በ1934 በዚህ ዓይነት ሜዳ የለካው የእንስሳቱን ፍርሃትና ድንጋጤ ነበር እንጂ ፍለጋን አልነበረም። ፍለጋን ለመለካት ምርጫ ይስጧቸው፦ አንዱን ክፍል ለተከታታይ ቀናት ያለማምዷቸውና፣ ከዚያ ወደ አዲሱ ክፍል የሚወስደውን በር ከፍተው በየትኛው ምን ያህል እንደሚቆዩ ይመዝግቡ። እነዚያኑ አይጦች እስከ ጉልምስና መከታተል ካለብዎት በሁለተኛው ዙር ሣጥኑንም ዕቃውንም ይለውጡ፤ ጎልምሰው ለመጀመሪያ ጊዜ የሚፈተኑ ማነጻጸሪያ አይጦችም ይጨምሩ። አደራ የምልዎት፣ ከአንዲት እናት የተወለዱ ስምንት ወንድማማቾችን እንደ ስምንት ነጻ ናሙና አይቁጠሩ።

ከሐይቅ፦ ታዲያ ይቀንሳል ወይስ አይቀንስም?

መልስ፦ በየትኛው ፈተና? ምርጫ በሚሰጡ ብዙ ሙከራዎች ጎረምሶቹ ከጎልማሶቹ ይልቅ ወደ አዲሱ ይቀርባሉ። በዚያው ወቅት፣ በ40ኛው ቀን አካባቢ፣ ስትራያተም በሚባለው የአንጎል ክፍል ዶፓሚን የተባለው የአንጎል መልእክት አስተላላፊ ንጥረ ነገር ተቀባዮች ብዛት ከፍተኛው ላይ ይደርስና በተለይ በወንዶቹ ይቀንሳል። ሆኖም ሁለቱ አንድ ወቅት ላይ መግጠማቸው አንዱ የሌላው ምክንያት መሆኑን አያረጋግጥም።

ከደሴ፦ የ15 ዓመት ልጄም አዲስ ነገር ካየ አይረጋጋም፤ ነገሩ ያው ነው ማለት ነው?

ከመርሳ፦ እትዬ፣ ልጅ እኮ ምክር የሚሰማ ፍጡር ነው፤ ከአይጥ ጋር አያስተካክሉት።

ከደሴ፦ ወንድሜ፣ የምንውጠው መድኃኒትስ በአይጥ ላይ አይደል የሚሞከረው?

መልስ፦ እትዬ፣ ከአይጥ ተነሥቼ ስለ ልጅዎ አልናገርም። ወደ ጉዳያችን እንመለስ።

ከባቲ፦ አዲስ ቦታ ላይ አብዝተው የሚሮጡት ወደ ጫት ይሳባሉ ማለት ይቻላል?

መልስ፦ ስለ ጫት አይቻልም። ፒያሳ የተባለው ተመራማሪና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1989 ያሳዩት፣ አዲስ ቦታ ላይ አብዝተው የሚንቀሳቀሱ አይጦች አምፌታሚን የተባለውን አነቃቂ ዕፅ ለራሳቸው መስጠት ፈጥነው እንደሚለምዱ ነው። ጫት ውስጥ ያለው አነቃቂ ንጥረ ነገር ካቲኖን ለአምፌታሚን የቀረበ ቢሆንም፣ እዚያም የተለካው በግዴታ የገቡበት ቦታ እንጂ ምርጫ አልነበረም።

ከተሁለደሬ፦ ጎተራዬ ያለው አይጥ መርዝ ያስቀመጥሁበትን ዕቃ ለቀናት አይነካም። ምክንያቱ ምንድን ነው?

መልስ፦ የዱር አይጥ በሚያውቀው ቦታ አዲስ ዕቃ ሲያይ ይሸሻል፤ የቤተ ሙከራው ግን ለብዙ ትውልድ በሰው እጅ ስለተራባ ይህ ሽሽት ቀንሶለታል። ስለ መርዙ የግብርና ባለሙያ ይጠይቁ።

ከላሊበላ፦ በ40ኛው ቀን የፈተንኋቸውን በ80ኛው ቀን በዚያው ሣጥን ብደግም ችግር አለው?

መልስ፦ ለወልድያው ጠያቂ የጻፍሁትን ያንብቡ፤ አንድ ሣጥን ለአንድ አይጥ አዲስ የሚሆነው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። 80ኛው ቀን ገና ካልደረሰ ሌላ ሣጥን ያሠሩ።